ጥቁሯ ትልቅ ንብ የቲማቲም አበባዬን ትነክሳለች፤ ላባርራት ወይስ ልተዋት?

የቆጋው አትክልተኛ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምጽፈው ከመራዊ ነው። በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች ስናለማ ቆይተን ዘንድሮ ቲማቲም ጨምረናል። ግማሹ ሜዳ ላይ ነው፣ ግማሹ ላስቲክ ቤት ውስጥ። ዘሩም ማዳበሪያውም ውሃውም አንድ ነው።

ግራ የገባኝ ነገር ይኸውና። ሜዳ ላይ ያለው አበባው ጥሩ ይዟል። ላስቲክ ቤት ያለው ግን አበባው በብዛት ይረግፋል። የያዘውም ቢሆን ፍሬው ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጎኑ ጎድሎ የተጣመመ ነው። ስቆርጠው ውስጡ ዘር የለውም ማለት ይቻላል።

ጎረቤቴ ንብ አናቢ ናቸው። ቀፎዎቻቸው ከአጥሬ ሥር ነው የተደረደሩት። «ንብ እያለልህ ምን ያሰጋሃል» ይሉኝ ነበር። ንቦቹ ግን ቲማቲሜን ዞር ብለው አያዩትም። በላዩ አልፈው ወደ ግራዋውና ወደ ባሕር ዛፉ ነው የሚነጉዱት።

ቲማቲሙ ላይ የምትመጣው ሌላ ናት። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጠጉር ያላት። ያቺ የቤት ወራጅና ምሰሶ የምትበሳዋ፣ ታውቋታላችሁ። ጤዛው ሲደርቅ ትመጣለች። አበባው ላይ ተንጠልጥላ መሃል ያለውን ቢጫ ሾጣጣ በአፏ ነክሳ ትይዛለች። ከዚያ ድምጿ ይለወጣል። ስትበር ወፍራም ነው ድምጿ። አበባው ላይ ሆና ግን ቀጠን ያለ «ዚዝ፣ ዚዝ፣ ዚዝ» ታሰማለች። ክንፏ ደግሞ ግጥም ብሎ ታጥፏል! ጠጋ ብዬ ነው ያየሁት። ስትሄድ የነከሰችበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

እና ጥያቄዬ፦ ምን እያደረገች ነው? አበባዬን እየጎዳችው ከሆነ መድኃኒት ልርጭ? ላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው ችግርስ ከምን መጣ?

የሞጣው ልጅ

ኧረ አትሳቅላት ወንድሜ! የአባቴን ጎተራ ምሰሶ በቀዳዳ ጨርሳዋለች። ከሥሩ ሁልጊዜ የእንጨት ዱቄት ነው። እኛ ቤት ስትታይ መጥረጊያ ይዘን ነው የምንነሳ። እንጨት የምትበላ ነገር አበባ ላይ ምን ደግ ሥራ ሊኖራት ነው?

መምህር ከዳንግላ

ልጄ፣ እባክህ መድኃኒቱን አስቀምጠው። የሞጣውም ልጅ መጥረጊያውን አስቀምጥልኝ።

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጓሮዬም ቀፎ አይጠፋም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ተማሪ ስመኝ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መጣልኝ። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም ታገሡኝ።

መጀመሪያ አበባውን እንይ። የአብዛኛው አበባ የብናኝ ከረጢት (ብናኝ ማለት አበባውን ፍሬ የሚያስይዘው ዱቄት ነው) ሲበስል ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ብናኙ ውጭ ይሆናል። ማንም ነፍሳት መጥቶ በእግሩም በሆዱም ጠርጎ ይወስደዋል። አንዳንድ አበባ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም። ከረጢቱ ዝግ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ብናኙ ውስጥ ተቀምጧል። አፈ ጠባብ ቅል ውስጥ ጤፍ ሞልተህ ብትዘቀዝቀው ጥቂት ይወርድና ይቆማል፤ ስትነቀንቀው ነው የሚፈሰው። ይሄም እንዲያው ነው።

ይህን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። መንገድ ዳር ካለው እምቧይ አንድ አበባ ቅጠፍ። ሐምራዊው ውስጥ ቢጫ ከረጢቶች ቆመው ታገኛለህ። ጫፋቸውን በደንብ ተመልከት፤ ቀዳዳዎቹ ይታዩሃል። ድንችም፣ አውጥም እንደዚሁ ናቸው፤ ከእምቧይ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ። ቲማቲም ትንሽ ይለያል። የእሱ ከረጢቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ ሾጣጣ ይሠራሉ። የሚሰነጠቁት ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብናኙ የሚወጣበት መንገድ ያው የሾጣጣው ጫፍ ብቻ ነው። አበባው ቁልቁል የሚንጠለጠለውም ለዚሁ ያመቸዋል።

አሁን ወደ ንቧ። የንብ ደረት ውስጥ ሁለት ዓይነት የበረራ ጡንቻ አለ። አንደኛው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ ሌላው ከፊት ወደ ኋላ። እነዚህ ጡንቻዎች ክንፉን በቀጥታ አይጎትቱትም። የሚጎትቱት የደረቷን ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲጨመቅና ሲለቀቅ ክንፉ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ንቧ ክንፏን አጥፋ ጡንቻውን ብቻ ማሠራት ትችላለች። ያን ጊዜ አትበርም፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። አበባውን በጥርሷ የነከሰችው ለዚህ ነው። ንዝረቱ ከደረቷ በጥርሷና በእግሯ አልፎ ወደ ከረጢቱ ይገባል። ውስጥ ያለው ብናኝ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይዘልና በጫፉ ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሆዷ ደግሞ ከታች ተጠማዝዞ ይጠብቀዋል። ንቧ ስትበር የኤሌክትሪክ ሙል ስለምትይዝ ደረቁ ብናኝ ጠጉሯ ላይ ልጥፍ ይላል። ከዚያ በእግሯ አበጥራ ትሰበስበውና ለልጆቿ ትወስደዋለች። ሳትሰበስበው የቀረው ነው ለአበባው የሚተርፈው። ቲማቲም ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል፣ በንዝረቱ የረገፈው ብናኝ እዚያው አበባ ላይ ብቻ ቢያርፍም ይበቃዋል።

ድምጿ የቀጠነብህም ትክክል ሰምተህ ነው። ጆሮህ ይባረክ። ክንፍ ሲዘረጋ አየር ይጎትተዋል፣ ክብደትም አለው፤ ስለዚህ ጡንቻው ቀስ ይላል። ክንፉ ሲታጠፍ ያ ሸክም ይቀራል፣ ንዝረቱም ይፈጥናል። እንደ ንቡ ዓይነት በሴኮንድ ከ100 እስከ 400 ጊዜ ያህል ትንቀጠቀጣለች። በሙዚቃ ብትለካው መሃከለኛ «ዶ» ወደ 260 አካባቢ ነው፤ የብዙዎቹ ድምፅ በእሱ ዙሪያ ይውላል።

እኔ ይህን ክፍል ውስጥ የማሳየው ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ በተዋስኩት ቱኒንግ ፎርክ ነበር። ያቺ ሁለት ጣት ያላት ብረት። ጠረጴዛ ላይ መታ ታደርጋትና የእምቧይ አበባ ታስነካታለህ። ከሥር ጥቁር ወረቀት ዘርጋ። ቢጫ ዱቄት ቡፍ ብሎ ይወርዳል። በጣትህ ብትቆነጥረው ግን ያን ያህል አይወጣም። ከኋላ ወንበር የሚተኙት ሳይቀሩ ተጋፍተው ይመጡ ነበር።

በዓለም ላይ ከ20,000 የሚበልጡ የእፅዋት ዝርያዎች ብናኛቸውን እንዲህ በቀዳዳ ነው የሚሰጡት። ከንብ ዝርያዎችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህን መንቀጥቀጥ ያውቁበታል። የቀፎ ንባችን ግን የለችበትም። ጎረቤትህ ንብ ማነብ ያውቃሉ፣ ቲማቲሙ ነው እንግዳ የሆነባቸው። ቲማቲም ቅስም፣ ማለትም ንብ የምትጠጣው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ የለውም። ያለው ብናኝ ብቻ ነው፤ እሱም ተቆልፎ። የቀፎዋ ንብ ምን አግኝታ ትመጣለች? ግራዋው ይሻላታል።

ቡናማው ነጥብ የጥርሷ ምልክት ነው። በሽታ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ቲማቲም በመስታወት ቤት የሚያለሙ ሰዎች ያን ምልክት በየአበባው ዞረው ይፈልጋሉ። ምልክት ያለው አበባ ተጎብኝቷል ማለት ነው። የሌለው ሲበዛባቸው ይጨነቃሉ። እነሱ የሚጠቀሙት ባምብልቢ የምትባለውን ጠጉራም ንብ ነው። ድሮ ሠራተኛ ቀጥረው በሚንቀጠቀጥ ዘንግ አበባውን አንድ በአንድ ያስነኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮላንድ ደ ዮንገ የሚባል የቤልጂየም የእንስሳት ሐኪም ባምብልቢን ቲማቲም ውስጥ ለቀቃት። በ1987 ንቧን አራብቶ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉ ቀረ።

እኛ አገር ባምብልቢ የለችም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አትገኝም። የእኛ ቲማቲም የሚንቀጠቀጥለት በዚችው በጥቁሯና እሷን በመሰሉ፣ በመንጋ ሳይሆን ብቻቸውን በሚኖሩ ንቦች ነው። እና አንተ የሰው አገር ሰው በብር የሚገዛው አገልግሎት በነፃ በርህ ድረስ መጥቶልህ መድኃኒት ልርጭ ትላለህ!

ላስቲክ ቤትህ ውስጥ የሆነው እንግዲህ ግልጽ ይመስለኛል። ጥቁሯ አትገባም፤ ነፋስም የለም። ሜዳ ላይ ነፋሱ አበባውን ስለሚያወዛውዘው ንብ ባትመጣም በመጠኑ ይይዛል። ውስጥ የሚነቀንቀው የለም። ብናኝ ሲያንስ ዘር ያንሳል። ዘር ሲያንስ ፍሬው አያድግም፤ ዘር በሌለበት በኩል ይጎድላል። የተጣመመው ለዚህ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ ማር ነጋዴ

ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ጥሩ ነው የተማርነው። ግን የማር ንባችን እንዲህ ሰነፍ ሆና ስትወራ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም 😄። እሷን ይዤ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ጡንቻው የላትም ነው የሚሉት?

መምህር ከዳንግላ

እትዬ፣ ኧረ እኔ ሰነፍ አልወጣኝም! ጡንቻው አላት። መንቀጥቀጡንም ታውቀዋለች። ቀፎ ውስጥ እጮቹን የምታሞቀው በዚያው ጡንቻ ነው። ክንፏን ሳታንቀሳቅስ ደረቷን ታንቀጠቅጥና ሙቀት ትፈጥራለች። የእጩን ሠፈር 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ አድርጋ የምታቆየው እንዲያ ነው። የጮቄ ብርድ ላይ ያለ ቀፎ ውስጥ እጅዎን ቢያስገቡ ሙቀቱን ያውቁታል። ባያስገቡ ይሻላል እንጂ።

ይህን ሙያ አበባ ላይ አታውለውም ነው ያልኩት። የእሷ ሙያ ሌላ ቦታ ነው። ኑግን ይውሰዱት። ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ያስፈልገዋል። ያን ብናኝ ከማሳ ማሳ የምታመላልሰው የእርስዎ ንብ ናት። ጎጃም ውስጥ መስከረምና ጥቅምት ላይ ያ ሁሉ ቢጫ ሜዳ ዘይት የሚሆነው በእሷ ነው። አደዩንም፣ ግራዋውንም፣ ብሳናውንም ማን ይነካባታል። ቲማቲሙን ብቻ ለጥቁሯ እንተውላት ነው የምለው።

የአዴቱ ድንች አምራች

ድንችም እንዲሁ ነው ካላችሁ እኛም ንብ እንፈልግ እንዴ? የእኛ ድንች አበባው ብዙ ጊዜ ሳያፈራ ነው የሚረግፈው።

መምህር ከዳንግላ

አንተ የምትሸጠው ሥር ያለውን ነው። የምትተክለውም እሱኑ ነው። አበባው ቢረግፍ ምን ቸገረህ? የድንች አበባ ማፍራት የሚያሳስበው አዲስ ዝርያ የሚያዳቅል ተመራማሪን ነው።

አግሮኖሚስቷ፣ ባሕር ዳር

መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ አትክልት ላይ ስለምሠራ ጥቂት ልጨምር።

የቆጋው ወንድሜ፣ ንቧን ብቻ አትጠብቅ። ላስቲክ ቤትህ ውስጥ ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ ለካ። ቀን ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ የቲማቲም ብናኝ ይበላሻል። የሞተ ብናኝ ደግሞ ንብ ብትነቀንቀው፣ አንተ ብትነቀንቀው ዋጋ የለውም፤ አበባው ይረግፋል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድም ያው ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እኛ አካባቢ በላስቲክ ሥር ያለው ሙቀት ቀልድ አይደለም። ጎንና ጎኑን ጠቅልለህ ክፈተው። ነፋስም ይገባል፣ ጥቁሯም ትገባለች። በአንድ ድንጋይ… ይቅር፣ ወፏን ምን አደረገች።

እስከዚያው በእጅ አንቀጥቅጥ። ተክሉን ያሰርክበትን ገመድ ወይም የላይኛውን ሽቦ በዱላ መታ መታ አድርገው፤ አበባው ይንቀጠቀጥ። በየሁለት ቀኑ ይበቃል። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርገው። በማለዳ እርጥበት ስላለ ብናኙ ተጣብቆ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይግላል። በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ያላቸው ሰዎች ጀርባውን የአበባው አንገት ላይ አስነክተው ይሠሩበታል፤ ለትንሽ ጓሮ እሱም ሸጋ ነው። ለአንተ ማሳ ግን ዱላው ይሻላል።

በርበሬ ለሚያለሙ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ሰዎች፦ የበርበሬ ከረጢት በራሱ ተሰንጥቆ ስለሚከፈት ያን ያህል አትጨነቁ። ንብ ብትመጣ ግን አትከፉም።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። አበባ ላይ ያለ ማሳ ቀን በፀሐይ አትርጩ። መርጨት ግድ ከሆነ ማታ፣ ንብ ሁሉ ከገባ በኋላ ይሁን። ለጎረቤት ቀፎ ባለቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ተኳርፎ ቀርቷል መሰላችሁ።

የቆጋው አትክልተኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬውኑ የላስቲኩን ጎን ከፍቻለሁ። ሽቦውንም በዱላ መታ መታ አድርጌ ነበር፣ ሚስቴ «አበደ» ብላ ሳቀችብኝ። እምቧዩንም አየሁት፤ እውነትም ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው! ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬ።

ጋሼ መምህር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ ቤቴን እየበሳች እንዴት አብሬ እኖራለሁ? ሁለተኛ፣ ሌላ ደግሞ መላ አካላቷ ቢጫ የሆነ ጠጉራም አለች። በር ላይ አየር ላይ ቆማ ፊት ለፊት ትጋፈጠናለች። ልጆቹ ይሸሿታል። እሷስ ምንድን ናት?

መምህር ከዳንግላ

ቢጫው ወንዱ ነው። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ሴቷ ጥቁር፣ ወንዱ ቢጫ ይሆናል። ደጅህ ላይ የሚያንዣብበው ሴት እየጠበቀ ነው። መንደፊያ የለውም። ፉከራ ብቻ ነው፣ እኛ መንደር እንዳሉት አንዳንድ ጎረምሶች። ሴቷ መንደፊያ አላት፤ ግን ካልጨበጧት ወይ ካልረገጧት አትናደፍም። ለልጆቹ ይህን ንገራቸው።

ስለ ቤትህ። እንጨት አትበላም፤ የሞጣው ልጅም ይስማ። የምትበሳው ጎጆ ለመሥራት ነው። መሿለኪያ ትቆፍርና ብናኝና ቅስም ለውሳ ቂጣ ታደርጋለች። በላዩ አንድ እንቁላል ትጥላለች። በእንጨት ዱቄት ትዘጋዋለች። ከዚያ ቀጣዩን ክፍል ትሠራለች። ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ያልተቀባ እንጨት ትመርጣለች። ወራጅህን ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት ቀባው፤ ትሸሸዋለች።

ግን ካባረርካት ሌላ ቤት ስጣት። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ ቀርከሃ ግዛ። አንዱ ጫፉ በአንጓው እንደተዘጋ፣ ሌላው ክፍት ሆኖ ቁረጠው። የውስጡ ስፋት አውራ ጣትህን የሚያስገባ ይሁን። አሥር አሥራ አምስቱን አንድ ላይ እሰርና ከማሳህ ጠርዝ፣ ዝናብና የቀትር ፀሐይ ከማያገኘው ጣሪያ ሥር አግድም ስቀለው። እንዳይወዛወዝ አጥብቀህ እሰረው። የደረቀ ግንድ ካለህም ለማገዶ አትጨርሰው፤ አንድ ሁለቱን አጥር ጥግ ተወው።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ጥቁሯ ከቲማቲም ብቻ አትኖርም፤ ቲማቲም ቅስም የለውም ብዬሃለሁ። ለራሷ የምትጠጣው ሌላ አበባ ያስፈልጋታል። አጥርህ ላይ አተርና ባቄላ፣ ወይም ግራዋ ካለ አትንቀለው። እምቧዩንም እንዲሁ፤ ቲማቲምህ አብቦ ሲጨርስ ብናኝ የምታገኘው ከእሱ ነው።

የሞጣው ልጅ

እሺ ጋሼ፣ መጥረጊያው ተቀምጧል። ለአባቴ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔን አይሰሙኝም።